ለስድስት አምባዛ አፍንጫ ሸዋ ሮቢት ደርሼ መጣሁ

ዜናው የደረሰኝ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ካልሲ እያጠብኩ ሳለ ነው። አክስቴ ወርቅነሽ ከአዲስ አበባ ስልክ ደወለች፤ ስልክ ያላቸው ጎረቤታችን መልእክቱን በአጥር ላይ ለእናቴ ጮኹላት፤ እናቴ ደግሞ ከአጥሩ እስከ ጓሮ ድረስ ለእኔ ጮኸችልኝ። «ትርሲት! ለአፍንጫ ሥራ ትፈለጊያለሽ! ማክሰኞ በመኪና ይወስዱሻል!»

የማን አፍንጫ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ደብረ ብርሃንን በጥር ውርጭ የምታውቁ ሁሉ ትረዱኛላችሁ፤ ከዚያ የሚያስወጣ እስከሆነ ድረስ የማንም አፍንጫ ይሁን። ካልሲውን ከነሳሙናው ወርውሬ ዘለልኩ። እስከ ማክሰኞ ድረስ መሬት ላይ ረገጥኩ ማለት ያስቸግረኛል።

አክስቴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዓሣ እንዴት እንደሚያሸት የምታጠና ሴት ናት። በቤተሰባችን ይህን ሥራ ለሰው ማስረዳት የቻለ የለም፤ አባቴ ሲጠየቅ «ሐኪም ናት» ብሎ ያልፈዋል። በጉዞዋ ላይ ማስታወሻ የሚይዝላት ረዳት ነበራት፤ እሱ ግን ለአሥራ አምስት ቀን ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባው ሥራን ስለማፋጠን ነው አሉ። ታዲያ አክስቴ ማንን አስታወሰች? ስለ ደብረ ብርሃን ንፋስ የጻፍኩት ጽሑፍ በትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ፣ በዘመዶቼ ዘንድ ጸሐፊ ማለት እኔ ነኝ። ጽሑፉን በሦስተኛው ቀን ያው ንፋስ ነቅሎ ወስዶታል፤ ያነበበው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ይህኛውን በአራት መርፌ ቁልፍ አስይዤዋለሁ።

የምጽፈው ሸዋ ሮቢትን ከአውቶቡስ መስኮት እንኳ አይታችሁ ለማታውቁት ለእናንተ ለክፍል ጓደኞቼ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የአፍንጫውን ነገር ላስረዳ። ዓሣ አፍንጫ አለው። አይተነፍስበትም፤ ያሸትበታል ብቻ። ውሃው በፊተኛው ቀዳዳ ገብቶ በኋለኛው ይወጣል። በመካከሉ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ቀጭን ሥጋ አለ፤ ሥጋው ላይ ሽታ የሚቀበሉ ሕዋሳት ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ሕዋስ ቆዳ ላይ ደግሞ በትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ ቀርቶ በደህናውም የማይታዩ በሮች አሉ። ሽታ ሲመጣ በሮቹ ይከፈቱና አዮን የሚባሉት፣ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሚለያዩት፣ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች ይተላለፋሉ። ለዓሣው አንጎል «ምግብ መጣ» ብሎ የሚነግረው ያ ኤሌክትሪክ ነው። እንግዲህ የእኛ ሰፈር መብራት በየምሽቱ ሲጠፋ፣ አምባዛ የሚባለው፣ ጭቃ ውስጥ የሚተኛው ዓሣ በአፍንጫው ውስጥ ኤሌክትሪክ አለው ማለት ነው። ይህን ስሰማ ትንሽ ቀናሁ።

የአክስቴ አለቃ ግን የቆላ አምባዛ አፍንጫ አይጠቅምም ባይ ናቸው። «ጭቃ ውስጥ አድጎ ምን ያሸታል? ደንዝዟል» ይላሉ። አክስቴ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ስለማያይ ነው አፍንጫው የሚስለው ትላለች። ሁለት ዓመት ከተከራከሩ በኋላ አለቃዋ መኪናውን ለአራት ቀን ፈቀዱላት፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ። አፍንጫቸው የሚሠራ ስድስት አምባዛ ይዛ ከተመለሰች ጥናቷ ይቀጥላል። ካልሆነ መኪናውም የሥራ ክፍሉም የሐይቅ ዓሣ ለሚያጠኑት ይተላለፋል፤ እሷም ወደ ድሮ ሥራዋ፣ ጠርሙስ ወደ መቁጠር ትመለሳለች።

የመጀመሪያው ቀን

አክስቴ ሰኞ ማታ እኛ ቤት አደረች። የደብረ ብርሃን ብርድም እንግዳ ተቀባይ ነውና በደንብ አስተናገዳት፤ ማክሰኞ ጠዋት አፍንጫዋ ድርግም ብሎ ተዘግቶ ተነሣች። የአፍንጫ ተመራማሪዋ ለአፍንጫ ጉዞ የወጣችው በአፏ እየተነፈሰች ነው። ይህን አሁን እንደ ቀልድ እዩት፤ ኋላ ዋጋ አለው።

ሾፌራችን ጋሼ ሙላት ይባላሉ። ከሰው ይልቅ ከመኪናው ጋር ማውራት ይወዳሉ። ዳገት ላይ «አይዞሽ እመቤት» ይሉታል፤ ቁልቁለት ላይ «ቀስ በይ አንቺ ጥጋበኛ» ይሉታል። በዚያን ቀን ከእኛ ጋር ያወሩት ጣርማ በር ዋሻው አጠገብ ጎማ ሲፈነዳ ብቻ ነው። «ውረዱ» አሉን። ወረድን። ጉሙ እግሬን ሸፍኖት የራሴን ጫማ አላየሁም። ጎማው እስኪቀየር አንዲት ባቄላ ሻጭ አጠገባችን ቆማ አየችን፤ ሦስት ሹራብ ደርቤ ነበር።

«ወዴት ናችሁ?» አለችኝ።

«ሸዋ ሮቢት።»

«በዚህ ልብስ?» አለችና እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። ሳቋ እስከ ዋሻው ማዶ ተከተለን።

የሳቀችበትን ለማወቅ ብዙ አልቆየሁም። ዋሻውን እንዳለፍን መንገዱ እንደ ተፈታ ጥለት ወደ ታች ይጠመዘዛል። ደብረ ሲና ላይ ጆሮዬ ጧ አለ፤ ቆሎ ገዝተን አንደኛውን ሹራብ አወለቅኩ። ትንሽ ወረድ ብለን ሁለተኛውን። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሦስተኛው በላብ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ነበር። እኛ ጋ በጥር ሰው ፀሐይን ፍለጋ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ እዚያ ፀሐይዋ ራሷ ሰው ፍለጋ ቤት ድረስ ትገባለች። እኛ ጋ ፓፓያ ማለት ገበያ ላይ እንደ ሕፃን በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚታይ ነገር ነው፤ እዚያ ዶሮ ይጭርበታል።

ያረፍነው እትዬ ደብሪቱ ሆቴል ነው። ሆቴል ስል ሦስት ክፍል፣ ሁለት የፓፓያ ዛፍና አንድ ባለቤት ማለቴ ነው። ባለቤቷ ግን ከአንድ ትልቅ ሆቴል ሠራተኛ ሁሉ ይበልጣሉ። ገና ከመኪናው ሳንወርድ ውሃ በብርጭቆ ይዘው መጡ። ውሃው የሆነ ደስ የሚል፣ ጭስ ጭስ የሚል ጣዕም ነበረው። የቆላ ውሃ እንዲህ ይሆናል ብዬ ጠጣሁ፤ ደገምኩ።

«ጠጪ የኔ ልጅ፣ ደርቀሽ መጥተሻል» አሉኝ። «ደግሞ ያ ሹራብ ምንድን ነው? ንስሐ ነው?»

ማረፊያ ከያዝን በኋላ በቀበሌ መመዝገብ ነበረብን። ሊቀ መንበሩ የይለፍ ወረቀታችንን ሁለት ጊዜ ገልብጠው አዩ።

«የመጣችሁበት ጉዳይ?»

«የዓሣ አፍንጫ ጥናት ነው» አለች አክስቴ፣ ከሁለት ማስነጠስ በኋላ።

«አፍንጫው ውስጥ ምን አለ?»

«በሮች አሉ፤ የሚከፈቱና የሚዘጉ።»

ብዕራቸው ቆመ። «ማን ነው የሚያስከፍታቸው?»

«ሽታ ነው።»

«ያለ ወረቀት?»

«ያለ ወረቀት።»

 ሕይወታቸውን ሙሉ በር ላይ ወረቀት ሲጠይቁ የኖሩ ሰው፣ ወረቀት የማይጠይቅ በር መኖሩን በአንድ ቀን መቀበል ይከብዳቸዋል፤ አልፈርድባቸውም። በመጨረሻ መዝገቡ ላይ «ለእርሻ ልማት» ብለው ጻፉና እስከ ዓርብ ማታ ከአካባቢው እንድንወጣ ማኅተም አደረጉልን።

ሁለተኛው ቀን

አክስቴ ጠዋት ከጋሼ ሙላት ጋር ዓሣ የሚያጠምድልን ሰው ፍለጋ ስትወጣ ለእትዬ ደብሪቱ አደራ ሰጠች። «ዓሦቹ የሚያድሩበት ንጹሕ ዕቃ ያበድሩኛል? ሳሙና ያልነካው፣ ዘይት ያልነካው፣ ላምባ ያልነካው።»

«ስለ ንጹሕ ዕቃ ለእኔ ትነግሪኛለሽ?» አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው።

እኔ ቁርስ እየበላሁ ቀረሁ። የማሽላ እንጀራ በሽሮ ነበር፤ ከእኛ የገብስ እንጀራ ይልቅ ይለሰልሳል፤ ይህን ቤት ውስጥ አትናገሩብኝ። እየበላሁ ማስታወሻ እይዝ ነበር፤ ምክንያቱም አክስቴ «ያየሽውን ጻፊ» ብላኛለች፣ እኔም ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። ስለዚህ ሽሮውን ጻፍኩ። አንድ ዶሮ ጫማዬን መንቆሩን ጻፍኩ። እትዬ ደብሪቱ ትልቁን ጋን ሦስት ጊዜ አጥበው፣ የወይራ ፍልጥ አንድደው፣ ጋኑን ጭሱ ላይ ደፍተው ሲያጥኑትም ጻፍኩ። ጭሱ ወደ እኔ ዞሮ አራት ጊዜ አስነጠሰኝ፤ አራቱንም መዝግቤያለሁ።

«ለዓሣም ያጥናሉ እንዴ?» አልኳቸው። እኛ ቤት የሚታጠነው የእርጎ ዕቃና የጠላ ጋን ነው እንጂ ውሃ መያዣ ሲታጠን አላየሁም።

«እኔ ቤት ያደረ ሁሉ እንግዳ ነው» አሉ። «ባልታጠነ ዕቃ ለእንግዳ ውሃ ከሰጠሁ እኔ ደብሪቱ ሞቻለሁ።»

ጥሩ አነጋገር ስለመሰለኝ ቃል በቃል ገለበጥኩት።

ከዚያ ጋሼ ሙላት መጥተው ወደ ወንዙ ወሰዱኝ። የሮቢ ወንዝ በዚያ ወር ወንዝ ነኝ አይልም፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየተሹለከለከ የሚሄድ ቀጭን ውሃ ሲሆን፣ እዚህም እዚያም ጥልቅና ድፍርስ ኩሬ ይቋጥራል። አምባዛ ያለው እዚያ ነው። አጥማጃችን ጋሽ በላቸው የሚባሉ የዚያው የቀወት ወረዳ ገበሬ ናቸው። አጥማጅ ልበላቸው እንጂ አምባዛ በልተው አያውቁም።

«ቅርፊት የሌለው አይበላም» አሉ። «እናንተስ ልትበሉት ነው?»

«የለም ጋሽ በላቸው፣ አፍንጫው ነው የሚፈለገው» አለች አክስቴ።

«ሥጋው ይቅርና አፍንጫው?»

«አፍንጫው።»

ወደ ጋሼ ሙላት ዞረው «እህል በከተማ ጠፋ እንዴ?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ። ሹክሹክታቸው ማዶ ላይ ያለች ላም አስደነገጠ።

ሥራቸውን ግን ያውቁታል። ዓሣውን የሚያታልሉበትን ጉበት መንጠቆው ላይ ከማድረጋቸው በፊት እጃቸውን በኩሬው ጭቃ ደጋግመው አሹ። ልረዳቸው እጄን ስዘረጋ «አንቺ ተይ! ምን ነክተሻል?» አሉኝ።

«ሎሚ ነው፣ ቅድም ቆርጬ ነበር።»

«ይኸውልሽ። ሎሚ ያለበት እጅ፣ ትንባሆ ያለበት እጅ የነካውን ጉበት ይሄ ፍጥረት ዞር ብሎ አያየውም። እርሻ ላይ ትንባሆ ሲለቅም የዋለ ወንድሜ እዚህ ቁጭ ብሎ እስኪመሽ አንድ አልያዘም።»

አክስቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። «ትርሲት፣ ጻፊው!» አለች። አለቃዋ ሁለት ዓመት የተከራከሯትን ጋሽ በላቸው በአንድ እፍኝ ጭቃ ጨረሱት።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስድስት አምባዛ ያዝን። አምባዛ ጢማም ዓሣ ነው፤ ቁጡ ሽማግሌ ይመስላል። ከውሃ ወጥቶ በእርጥብ ጆንያ ውስጥ ሰዓታት ይቆያል፤ መሞት ጨርሶ አይቸኩልበትም። ስለዚህ የእኛ ጭንቀት ሕይወቱ አይደለም፤ አፍንጫው ነው። አክስቴ አንድ በአንድ ሰፊ ሳፋ ውስጥ በኩሬው ውሃ አስገብታ ፈተነቻቸው። በሳፋው አንድ ጥግ በስሪንጅ ሁለት ጠብታ የጉበት ውሃ ትለቃለች፤ አፍንጫው የሚሠራ ከሆነ ዓሣው ወደዚያ ይዞራል። ስድስቱም ዞሩ። አንደኛው እንዲያውም ሳፋውን በግንባሩ ሲመታው አክስቴ እንደ ልጅ አጨበጨበች።

ማታ በእትዬ ደብሪቱ ጋን ውስጥ፣ ከወንዙ በቀዳነው ውሃ፣ ስድስቱን እንግዶች አስተኛናቸው። አክስቴ ጋኑ ላይ ጎንበስ ብላ አየች፤ አፍንጫዋ ዝግ ነውና ምንም አልሸተታትም። እኔን ሸቶኝ ነበር፤ ግን የምጠጣው ውሃም፣ የምበላበት ሳህንም፣ የእትዬ ደብሪቱ ነጠላም እንደዚያው ስለሚሸት አገሩ ነው ብዬ ተኛሁ።

ሦስተኛው ቀን

አክስቴ ከጉዞ በፊት ደግማ ልትፈትናቸው ጠዋት ሳፋውን አዘጋጀች። የመጀመሪያውን አስገባች፤ ጠብታውን ለቀቀች። ዓሣው ቆሞ ቀረ። ሌላ ጠብታ። ቆሞ ቀረ። ሁለተኛው ሳፋውን ሦስት ጊዜ ዞሮ በጉበቱ ውሃ መካከል እንደ አልባሌ ነገር አለፈ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሁሉም። ሁሉም ደህና ናቸው፤ ይዋኛሉ፣ ይቆጣሉ፤ አፍንጫ ግን የለም።

አክስቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። 

«አለቃዬ እውነታቸውን ነበር» አለች። «ትናንት የዞሩት ስለራባቸው ይሆናል። አንድ ሌሊት እንኳ የማይቆይ አፍንጫ ይዤ አዲስ አበባ ብገባ መሳቂያ ነኝ።»

«እታለም፣ ሌላ ብናጠምድስ?»

«ምን ለውጥ አለው? ምክንያቱን ካላወቅኩ እነዚያም ነገ እንደዚህ ናቸው። እስቲ የትናንቱን ማስታወሻ አንብቢልኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደተበላሹ ልይ።»

ደብተሬን ከፈትኩ። ያለ ማጋነን ዘጠኝ ገጽ ነበር። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። «ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። የማሽላ እንጀራ በሽሮ ቀረበልኝ። ሽሮው ቃሪያ አለው።»

«ትርሲት፣ ዓሣውን።»

«እየመጣ ነው። 'አንዲት ቀይ ዶሮ የግራ ጫማዬን ነቆረች። አላመመኝም፤ ግን ተሰማኝ።'»

«ዝለይው አልኩሽ! ዓሣ እንድትጽፊ አመጣሁሽ እንጂ ዶሮ እንድትጽፊ!»

ልቤ ተሰበረ፤ ግን የጻፍኩትን መዝለል አልችልም። በፍጥነት አነበብኩ። «'እትዬ ደብሪቱ ጋኑን ሦስት ጊዜ አጠቡ። የወይራ ፍልጥ አንድደው ጋኑን ጭሱ ላይ ደፉት። አራት ጊዜ አስነጠሰኝ። ከዚያ ጋሼ ሙላት...'»

«ቆይ። ምን አልሽ?»

«ጋሼ ሙላት መጡ።»

«ከዚያ በፊት!»

«አራት ጊዜ አስነጠሰኝ።»

አክስቴ ተነሥታ ጋኑ ውስጥ አንገቷን እስከ ትከሻዋ ከተተች። እየሳበች፣ እየሳበች፣ በተዘጋ አፍንጫዋ ታገለች። ከዚያ ወጥታ «አሽቺልኝ» አለችኝ። አሸተትኩላት። «ወይራ» አልኳት። «ድንብዝ ያለ ወይራ።»

ጋሽ በላቸው እንዳሉት ሎሚ ያለበት እጅ የነካውን የማይጠጋ ፍጥረት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ የወይራ ጭስ ውስጥ አድሯል። በሮቹ ምን ያድርጉ? እኔ እንኳ ባለሁለት ቀዳዳዋ አራት ጊዜ አስነጥሼ ነው ያመለጥኩት፤ ዓሣ ማስነጠስ አይችልም።

አክስቴ ስትስቅ ነበር እንባዋ የመጣው፤ ወይም ስታለቅስ ነበር የሳቀችው። እትዬ ደብሪቱ ድምፅ ሰምተው ሲመጡና ነገሩ ሲነገራቸው ግን ማንም አልሳቀም። ፊታቸው ጠቆረ።

«የእኔ ዕቃ ቆሽሿል ነው የምትሉት?»

«የለም እትዬ፣ እጅግ ንጹሕ ሆኖ ነው» አለች አክስቴ።

«አርባ ዓመት እንግዳ ተቀብያለሁ። ሚኒስትር ጠጥቷል በዚህ ቤት፤ ወታደር ጠጥቷል። አንድም ሰው 'ለምን አጠንሽ' አላለኝም። ዛሬ ዓሣ ቅር አለው?»

ጓዳ ገቡና በሩን ዘጉ። ምሳችንን በላኩት ሰው እጅ ነው ያገኘነው፤ ይህ ከስድብ ይብሳል።

ጋሽ በላቸውን አስጠራን። መላውን ሰምተው «ታዲያ ወደ ቤታቸው መልሷቸዋ» አሉ። ትልቅ የቀርከሃ ቅርጫት አምጥተው ስድስቱን አስገቡና አፉን ሰፍተው ውሃው በሚወርድበት ቦታ በድንጋይ አስጠበቁት። ንጹሕ ውሃ ሌሊቱን በአፍንጫቸው እንዲያልፍ ነው። ይታጠብ እንደሆነ ይታጠባል፤ ካልሆነ ነገ የመጨረሻ ቀናችን ነው።

ሌላ ችግር ቀረ፦ እስከ አዲስ አበባ የሚሄዱበት ያልታጠነ ዕቃ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ያልታጠነ ዕቃ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ፈልጌያለሁ። ቤት ለቤት ዞርን። አንዷ ሴትዮ «ያልታጠነ? ምን በወጣን!» ብለው ከደጃፍ መለሱን። ሌላዋ «ካላችሁ ግድ የለም፣ አሁን አጥኜ እሰጣችኋለሁ» አሉን። ጄሪካኑ ሁሉ ወይ ላምባ ወይ ዘይት ይሸታል። እኛ ጋ ዕቃ ሲቆሽሽ ነው የሚቸግረው፤ እዚያ ደግነት አላስቀምጥ አለን።

በመጨረሻ ጋሼ ሙላት መኪናቸውን «ቁሚ» አሉና በጣታቸው አሳዩን። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ አንድ ቀይ በርሜል ቆሟል። በከተማው ውስጥ ተሠርቶ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ምንም ሥራ ያልነካው ዕቃ እሱ ብቻ ነበር፤ ደግሞም የት መገኘት እንዳለበት መገመት ነበረብን።

«ለእሳት አደጋ ነው» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ውሃ አለበት?» አለች አክስቴ።

«አሸዋ አለበት።»

«አሸዋው ታጥኗል?» አልኩ እኔ። አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«እሳት ቢነሣስ?»

«አሸዋውን እዚሁ ቆልለን እንተውልዎታለን ጓድ» አሉ ጋሼ ሙላት። «እሳት በርሜል አይፈራም፤ የሚፈራው አሸዋ ነው።»

ሊቀ መንበሩ ማኅተማቸውን ከመሳቢያ አወጡ። ደረሰኙ በሦስት ቅጂ ተጻፈ፤ «ለእርሻ ልማት፣ በርሜል አንድ»። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በርሜሉን በወንዝ አሸዋ ስፈትግ ዋልኩ። በርሜሉ ጭቃ ብቻ እስኪሸት ድረስ እጄ ተላጠ።

አራተኛው ቀን

ፀሐይ እንደወጣች ወንዙ ዳር ነበርን። እትዬ ደብሪቱ አልመጡም ብለን ስናስብ ከኋላችን ከቁጥቋጦው አጠገብ ጃንጥላ ይዘው ቆመው አየናቸው። ማለፋቸው ነበር አሉ። መንገዱ ግን ወደ የትም አያልፍም።

አክስቴ የመጀመሪያውን ሳፋ ውስጥ ለቀቀች። ጠብታው ወረደ። ማንም አልተነፈሰም፤ አክስቴ እንኳ በአፏ። ዓሣው ቆመ። ጢሙ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ረጅም ሰውነቱን እንደ በር አዙሮ፣ ወደ ጉበቱ ዞረ።

«ዞረ!» አሉ ከኋላ እትዬ ደብሪቱ፣ ከሁላችን ቀድመው።

ሁለተኛው ዞረ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ስድስተኛው አልዞረም። ጠበቅን። አክስቴ አንገቷን ደፋች፤ ጋሽ በላቸው መንጠቆ ሊያዘጋጁ ተነሡ። ሁላችንም ፊታችንን ስናዞር ነው ስድስተኛው ጉዳዩን መርምሮ የጨረሰው፤ ተንቀራፎ ሄዶ ጥጉን ሳመው። እሱን ሊቀ መንበር አልነው። በር አለው፤ የሚከፍተው ግን ነገ ተመለሱ ካለ በኋላ ነው።

ልንሄድ ስንል አክስቴ እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ገብታ ጎንበስ አለች። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ከዚያ ወይራ ትንሽ ፍልጥ ይስጡኝ። አዲስ አበባ ወስጄ በጥናት ላየው ነው፤ የትኛው በር ላይ ምን እንደሚያደርግ።»

«ለሊቃውንቱ?»

«ለሊቃውንቱ።»

እትዬ ደብሪቱ ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያ አንድ ትልቅ እስር ወይራ፣ በላዩ ላይ አራት ፓፓያ አሸከሙን። ለእኔ ውሃ በቅል ሞልተው ሰጡኝ። ታጥኗል።

ሽቅብ ስንወጣ ሹራቦቼን ወደ ኋላ ተራ በተራ ለበስኩ፤ ሦስተኛውን ግን ለበርሜሉ አለበስኩት፤ ቆላ ያደገ ሰው በጣርማ በር ያለ ልብስ አያልፍም። ኬላው ላይ ወታደሩ በርሜሉን ገልጦ አየ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«አፍንጫ ናቸው» አሉ ጋሼ ሙላት፣ ደክሟቸው።

ወታደሩ አንድ ጊዜ እኛን፣ አንድ ጊዜ ሹራብ የለበሰውን በርሜል አየና ሰንሰለቱን ለቀቀልን። ያለ ብዙ ጥያቄ የተከፈተልን በር እሱ ብቻ ነው።

ከተመለስኩ በኋላ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። በውስጡ የጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሄድና ድንገት ተራራ ሆኖ ይነሣል፤ የመሣሪያው መርፌ ከአምባዛው አፍንጫ የሰማውን ኤሌክትሪክ የሣለው ነው። «ስድስቱም አሸተቱ» ትላለች። «አለቃዬ ወረቀቱን ገልብጠው በጀርባው አዩት፤ በጀርባውም ተራራ ነው። ከዚያ ማስታወሻውን ጠየቁኝ። ዶሮዋ ጋ ሲደርሱ ሳቁ፤ ጭሱ ጋ ሲደርሱ ግን ተነሥተው ቆሙ። አሁን ጭሱ በሮቹን እንዴት እንደሚዘጋ እንድናጠና ይፈልጋሉ። መኪናው እንደገና ተፈቅዶልናል። በርሜሉንም እንመልሳለን። ያየሽውን ሁሉ ጻፊ፤ ዶሮም ቢሆን።»

ይህችን የመጨረሻ መስመር ከደብተሬ ፊት ለፊት ለጥፌያታለሁ።

አንድ አደራ ቀረኝ። መኪናው ሊነሣ ሲል እትዬ ደብሪቱ እጃቸውን በመስኮቱ አስገብተው እጄን ያዙኝ። «ደብተርሽ ላይ ጻፊልኝ» አሉኝ። «ያነበበው ሁሉ በዚህ ሲያልፍ ይግባ። ውሃ አይከፈልበትም።»

እነሆ ጻፍኩ። በዚያ መንገድ የምታልፉ ሁሉ፣ ሁለት ፓፓያ ያለበትን ግቢ ስታዩ ግቡ። ሹራባችሁን አውልቁ፤ ይስቁባችኋል። ውሃው ወዲያው ይመጣላችኋል፤ ወይራ ወይራ ይላል፤ ጠጡት፣ ድገሙት። ዓሣ ይዛችሁ ከሆነ ግን ገና በደጃፉ ተናገሩ፤ ዝም ካላችሁ እሱንም እንደ እንግዳ ይቀበሉታል።